ለገበያ በሚቀርብ መሣሪያ ውስጥ የቱን ቦርድ እናስገባ? ራስበሪ ፓይ፣ ቢግልቦን፣ ኢኤስፒ32 እና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

አንድን ቦርድ፣ ማለትም በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ጠረጴዛ ላይ አስነሥቶ ስክሪን ማብራት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ያንኑ ቦርድ በሣጥን አሽጎ፣ ለደንበኛ ሸጦ፣ በሁለት መቶ ቦታ ለሰባት ዓመት እንዲሠራ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በብዛት የሚነበቡት የንጽጽር ጽሑፎች ለቅዳሜው ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ስንት ኮር አለው፣ በስንት ጊጋኸርዝ ይሠራል፣ ቪዲዮ በምን ያህል ጥራት ያጫውታል ይላሉ። የንግድ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ ቁጥሮች የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ መሣሪያ እንያዝ። በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚቀመጥ የመረከቢያ መሣሪያ ይሁን። ገበሬው ቀይ እሸቱን በጆንያ ያመጣል፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መሣሪያው ክብደቱን ከሚዛኑ ያነባል፣ የአቅራቢውን መለያ ቁጥር ይቀበላል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ደግሞ የቀኑን መዝገብ ወደ ዋናው ቢሮ ይልካል። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። የመረከቢያው ወራት ጥቂት ናቸው፤ በእነዚያ ወራት መሣሪያው ለሁለት ቀን ከቆመ ገበሬው እሸቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ጣቢያ ይሄዳል። እሸት ቡና አድሮ አይጠብቅም።

የዋጋውን ስሌት ከዚህ መጀመር ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ ሊሙ አንድ ቴክኒሻን ልኮ ለመመለስ የሚወጣው ነዳጅ፣ አበል፣ የመኝታ ክፍያና የባከነ የሥራ ቀን ሲደመር ከዚህ በታች ከማነሣቸው ቦርዶች የብዙዎቹን ዋጋ ይበልጣል። አሥር ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ የተመረጠ ቦርድ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ካስከተለ ቁጠባው ኪሳራ ሆኗል። እኔ ቦርዶችን የማወዳድረው በዚህ ነው፤ ሰው ወደ መስክ ከመላክ የሚያድነን የትኛው ነው? (ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ሊኑክስ ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው "ራስበሪ ፓይ ይሻላል ወይስ ኦሬንጅ ፓይ?" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው እንደ ሊኑክስ ያለ ሙሉ ስርዓተ ክወና ይፈልጋል ወይ? የቡና መረከቢያችን ሥራ ሲዘረዘር ከሚዛን ቁጥር ማንበብ፣ ጥቂት ቁልፎችን መቀበል፣ ማተም፣ መዝግቦ ማስቀመጥና መላክ ነው። ይህን ሁሉ ኢኤስፒ32 የተባለው የኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ይወጣዋል። በ2016 ለገበያ የቀረበ፣ 520 ኪሎባይት የውስጥ ራም ያለው፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት የሚመጡ፣ ሞጁሉም በጥቂት ዶላር የሚገዛ ነው። ኃይል እንዳገኘ ወዲያውኑ ሥራ ይጀምራል፤ ሊኑክስ ተነሥቶ እስኪያበቃ እንደሚጠበቀው አይጠበቅም። መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚፋለስ ትልቅ የፋይል ሥርዓትም የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው "አማርኛ እንዴት ያትማል?" የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በገበያ ላይ ያሉት ርካሽ የደረሰኝ ማተሚያዎች የላቲን፣ ብዙ ጊዜም የቻይንኛ ፊደል በውስጣቸው ይዘው ሲመጡ የግዕዝን ፊደል አይዙም። መፍትሔው ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ወደ ማተሚያው መላክ ነው። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) መሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ውስጥ ያሉት ምልክቶች፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ጨምሮ፣ ከ350 ጥቂት ከፍ ይላሉ። እያንዳንዱን በ24 በ24 ነጥብ ብንሥለው 72 ባይት ይወስዳል፤ ጠቅላላው 26 ኪሎባይት ገደማ ነው። አራት ሜጋባይት ፍላሽ (መብራት ሲጠፋ የማይደመሰስ ማከማቻ) ላለው ሞጁል ይህ ከቁጥር አይገባም። ደግሞም ፊደላችን እንደ ዐረብኛው በቃል ውስጥ ባለበት ቦታ ቅርጹን አይለዋውጥም፤ ከሰንጠረዥ አንሥቶ ጎን ለጎን መደርደር ይበቃል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ችግሩ ጭራሽ አይነሣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመዝገብ ቦታ ጉዳይ ነው። አንድ ጣቢያ በቀን 500 ደረሰኝ ይቆርጣል እንበል፤ እያንዳንዱ መዝገብ 64 ባይት ቢይዝ በቀን 32 ኪሎባይት ይሆናል። ኔትወርክ መቶ ቀን ሙሉ ባይገኝ እንኳ 3.2 ሜጋባይት ነው። 16 ሜጋባይት ፍላሽ ያለውን ሞጁል ገዝቶ መገላገል ይቻላል።

ኢኤስፒ32 ዋጋውን የሚያስከፍለው በሰው በኩል ነው። ሊኑክስ ላይ በፓይተን የሚጽፍ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፤ በሲ ቋንቋ የማይክሮኮንትሮለር ሶፍትዌር ጽፎ፣ ከርቀት ማሻሻያ እየላከ፣ አንዱም መሣሪያ በመሐል ሳይሞትበት የሚያስተዳድር ባለሙያ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። በተጨማሪ ደንበኛ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። በሁለተኛው ዓመት "የገበሬው ፎቶ ቢወጣበት፣ ስክሪኑም በጣት የሚነካ ቢሆን" ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትንሿ ቺፕ ትጠባለች። ስለዚህ ደንበኛው ምን እንደሚጨምር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ መልሱን በውሉ ላይ አስፍሩ። የሚጨምረው ነገር ከሌለ ወደ ሊኑክስ የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ራስበሪ ፓይ፣ ግን የትኛው?

ሊኑክስ ያስፈልጋል ከተባለ መነጻጸሪያው ራስበሪ ፓይ ነው። በየካቲት 2012 በ35 ዶላር ሲወጣ የታሰበው ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ነበር፤ ኩባንያው በ2024 ወደ ለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ ግን ከሚሸጠው አብዛኛው ወደ ኢንዱስትሪና ወደ ሌሎች ድርጅቶች ምርቶች ውስጥ እየገባ ነበር። የአዋቂ ሥራ አይችልም የሚለው አስተያየት ዛሬ አያስኬድም። ጥያቄው ከቤተሰቡ ውስጥ የትኛው የሚለው ነው።

በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ፈጣን ነው፤ አራቱ ኮሮቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። አምራቹ የሚመክርለት ፓወር ሰፕላይ ግን 5 ቮልት በ5 አምፔር የሚሰጥ ነው፤ ይህን በቀላሉ ከገበያ አታነሡትም። ደረሰኝ ለማተም ይህን ያህል ጉልበት መሸከም ጥቅሙ አይታየኝም። ፓይ 4 ይበልጥ ለዘብ ያለ ነው፤ ሆኖም ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የተፈቀደለት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በፀሐይ በተመታ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ 50 ዲግሪ የሩቅ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛው ጉድለት በባትሪ የሚሄድ የራሱ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው።

የሰዓቱን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት ሲመጣ፣ ኔትወርክም ከሌለ፣ ፓይ 4 የሚነሣው ከመጥፋቱ በፊት ባስቀመጠው ሰዓት ነው። የዛሬ ጠዋት ደረሰኝ የትናንት ማታ ቀን ይዞ ይወጣል። ገበሬው ዋጋ የሚከፈለው በዕለቱ የእሸት ዋጋ ከሆነ ስሕተቱ የገንዘብ ስሕተት ነው። ሰዓቱ በጣም ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ ኔትወርክ ተመልሶም እንኳ የአገልጋዩ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልጸደቀ መስሎ ስለሚታየው ግንኙነቱን ሊከለክል ይችላል። በጥቂት ዶላር የሚገዛ የሰዓት ቺፕ ከሳንቲም ባትሪ ጋር ሲጨመር ይህ ሁሉ ይቀራል። ፓይ 5 የሰዓቱን ወረዳ በውስጡ ይዟል፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ለንግድ መሣሪያ ከዚህ ቤተሰብ የምመርጠው ኮምፒዩት ሞጁል 4ን ነው። 55 በ40 ሚሊሜትር የሆነች ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ አንጎሉን (ፕሮሰሰሩን)፣ ራሙንና ከ8 እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ማከማቻ ይዛ ትመጣለች። ሶኬቶቹን፣ ሰዓቱን፣ የኃይል ወረዳውን የሚይዘውን ተሸካሚ ሰሌዳ እናንተ ትነድፋላችሁ። የተፈቀደላት ሙቀት ከዜሮ በታች 20 እስከ 85 ዲግሪ ነው። አምራቹ ቢያንስ እስከ ጥር 2034 እንደሚያመርታት አስታውቋል፤ ተከታይዋ ኮምፒዩት ሞጁል 5 ደግሞ እስከ ጥር 2036 ተይዞላታል። ተሸካሚ ሰሌዳ መንደፍ አያስፈራ፤ አስቸጋሪው የራም እና የአንጎል ሽቦ ሥራ በሞጁሏ ላይ ስላለቀ የሚቀረው ደህና የኤሌክትሮኒክስ ምሩቅ የሚችለው ነው። ሁለቱ ባለ 100 እግር ማገናኛዎች ግን ስስ ናቸው፤ በየጊዜው ለመንቀልና ለመሰካት አልተሠሩም።

በ15 ዶላር የወጣው ዜሮ 2 ደብልዩ ለአነስተኛ ሥራ መልካም ነው፤ 512 ሜጋባይት ራም ይበቃናል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ማከማቻው ሜሞሪ ካርድ መሆኑ ግን ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይወስደናል።

ሜሞሪ ካርድ

ከመስክ የሚመጡ "መሣሪያው አልነሣ አለ" የሚሉ ስልኮች ምንጫቸው ብዙውን ጊዜ ይህች የጥፍር ያህል ካርድ ናት። ምክንያቱ ካርዷ በውስጧ የራሷ ትንሽ ተቆጣጣሪ ያላት መሆኑ ነው። እናንተ አንድ መስመር ስትጽፉ ተቆጣጣሪው አንድን ሙሉ ክፍል ያነሣል፣ ያጠፋል፣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። በዚህ መሐል መብራት ከጠፋ የሚበላሸው እየተጻፈ የነበረው ፋይል ብቻ አይደለም፤ አብሮ ሲዛወር የነበረ፣ ማንም ያልነካው የስርዓተ ክወና ፋይልም ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ "የእኔ ፕሮግራም ብዙ አይጽፍም" ማለት አያድንም፤ ሊኑክስ ራሱ ከጀርባ የክንውን መዝገቡን ሲጽፍ ይውላል።

የተበየደ ማከማቻ በዚህ ረገድ ከካርድ ይሻላል፤ ጥራቱም ከሻጭ ሻጭ እንደ ካርድ አይዋዥቅም፤ አስመስለው የሠሩት ካርድ በገበያ ላይ እንደ ጉድ ነው። ካርድ መጠቀም ግድ ከሆነ ለኢንዱስትሪ የተሠራውን ግዙ። የትኛውንም ብትመርጡ የሶፍትዌሩ አደረጃጀት ከዕቃው ይበልጣል። ስርዓተ ክወናው ያለበት ክፍል ለንባብ ብቻ ይከፈት፤ የራስበሪ ፓይ ስርዓተ ክወና ይህን ከማስተካከያው ውስጥ ማብራት ያስችላል። ደረሰኞቹ የሚጻፉት በሌላ ለብቻ በተከለለ ክፍል ይሁን። ፕሮግራሙም እያንዳንዱ መዝገብ በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ ደረሰኙን አያትም፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በገበሬው እጅ ያለ፣ በመዝገብ ግን የሌለ ደረሰኝ ይፈጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭቅጭቅ በጣቢያው የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ለማሻሻያም እንዲሁ ነው። ስርዓተ ክወናው በሁለት ቅጂ ተቀምጦ አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚታደስበት አሠራር አለ፤ አዲሱ ካልተነሣ መሣሪያው ወደ አሮጌው በራሱ ይመለሳል። ሜንደር እና ራውክ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይህን ለሊኑክስ ይሠራሉ። ኢኤስፒ32ም በራሱ መንገድ ሁለት የፕሮግራም ቅጂ ይይዛል። ይህ ሳይኖር ከርቀት ማሻሻያ መላክ ቁማር ነው።

ቢግልቦን ብላክ እና የኢንዱስትሪ ሞጁሎች

ቢግልቦን ብላክ በ2013 የወጣ አሮጌ ቦርድ ነው። አንድ ጊጋኸርዝ፣ አንድ ኮር፣ 512 ሜጋባይት ራም። በፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ከራስበሪ ፓይ አጠገብ ሲቆም ያሳዝናል። እኔ ግን አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም ሲነደፍ ስለ መሣሪያ ውስጠኛ ሥራ የታሰበበት ነው። 4 ጊጋባይት የተበየደ ማከማቻ አለው፤ የአናሎግ መግቢያ አለው፤ የመኪናና የፋብሪካ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበትን የካን መስመር ይዟል። ከዋናው አንጎል ሌላ በ200 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ አንጎሎች አሉት፤ አንዱን ትእዛዝ በ5 ናኖሰከንድ ይፈጽማሉ፤ ሊኑክስ ምንም ቢጠመድ እነርሱ አይዘገዩም። ሞተር ለሚቆጣጠር ወይም ፈጣን ምልክት ለሚቆጥር መሣሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዜሮ በታች 40 እስከ 85 ዲግሪ የሚችል የኢንዱስትሪ ዓይነትም አለው።

ትልቁ ልዩነት ግን ንድፉ ክፍት መሆኑ ነው። አንጎሉ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ነው፤ ማንም ከመደብር ይገዛዋል። ቦርዱ ነገ ከገበያ ቢጠፋ ንድፉን ወስዶ ለሰሌዳ አምራች ሰጥቶ ማስመረት ይቻላል። የራስበሪ ፓይን ዋና ቺፕ ግን ለብቻው ገዝታችሁ የራሳችሁን ሰሌዳ መሥራት አትችሉም፤ አቅራቢው አንድ ነው። ከ2021 እስከ 2023 በነበረው የቺፕ እጥረት ጊዜ የዚህ ትርጉም ታይቷል። ኩባንያው ያለውን ምርት ለድርጅት ደንበኞች በማስቀደሙ ተራው ገዢ ለወራት ባዶ እጁን ቀርቷል፤ በተገኘበትም በእጥፍና ከዚያ በላይ ሲሸጥ ነበር። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ኩባንያው የቦርዶቹን ዋጋ ጨምሯል። በዓመት ሁለት መቶ የሚገዛ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ ወረፋው ላይ የት እንደሚቆም መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ከፍ ብለው የሚገኙት የስዊዘርላንዱ ቶራዴክስና የእስራኤሉ ቫሪሳይት ዓይነት ኩባንያዎች ሞጁሎች ናቸው። በብዛት የኤንኤክስፒን አይ ዶት ኤምኤክስ ቺፖች ይጠቀማሉ፤ ኤንኤክስፒም የተመረጡ ቺፖቹን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት እንደሚያመርት በይፋ ቃል ይገባል። ሰነዳቸው ንጹሕ ነው፤ ጥያቄ ስትልኩ መሐንዲስ ይመልስላችኋል። ዋጋቸው ከራስበሪ ፓይ ሞጁል ከፍ ይላል። ለሕክምና መሣሪያ፣ ወደ አውሮፓ ለሚላክ ምርት ወይም በሺዎች ለሚመረት ዕቃ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ለቡና መረከቢያችን ይበዛሉ።

የቀሩት በአጭሩ

ኦሬንጅ ፓይና ራዲክሳን የመሳሰሉት የቻይና ቦርዶች በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣሉ። ሮክቺፕ አርኬ3588 ያለባቸው ስምንት ኮርና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተለየ ክፍል አላቸው። ከመግዛት በፊት የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ የቦርዱ ሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ከዋናው የሊኑክስ ማኅበረሰብ ጋር አብሮ ይታደሳል ወይስ ቺፕ ሠሪው ባወጣው አሮጌ ቅጂ ላይ ቆሟል? የቆመ ከሆነ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። አርምቢያን የተባለው ስርዓተ ክወና ቦርዱን በሚገባ የሚደግፍ መሆኑን ማየት ጥሩ ምልክት ነው።

የኤንቪዲያ ጄትሰን ካሜራ ይዞ ምስል ለሚለይ መሣሪያ ነው፤ ለምሳሌ የቡናን ፍሬ በቀለም ለመለየት ብናስብ። ኦሪን ናኖ ከ7 እስከ 25 ዋት ይበላል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፣ በየመደብሩ የምናየው ለገንቢዎች መሞከሪያ የሚሸጠው የጄትሰን ጥቅል ለምርት የታሰበ አይደለም፤ አምራቹ ራሱ ለሚሸጥ መሣሪያ ሞጁሉን ተጠቀሙ ይላል።

የኢንቴል ኤን100 ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ ግድ ሲሆን ይመጣሉ። ግድ የሚሆነው በአብዛኛው በአንድ ተጨማሪ ዕቃ ምክንያት ነው፤ የጣት አሻራ አንባቢ ገዝታችሁ ሶፍትዌሩ ለዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የቦርድ ምርጫው እዚያው አለቀ። ስለዚህ ዕቃዎቹን አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ቦርዱን በኋላ።

ኃይልና ሙቀት

ቦርድ ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፓወር ሰፕላዩ ወይም ገመዱ ነው። ራስበሪ ፓይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ያሳያል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። አሁን ስሌቱን እዩት። ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ደርሶ መልስ 0.3 ኦኸም ቢኖረውና ቦርዱ 1.5 አምፔር ቢስብ፣ በገመዱ ላይ ብቻ 0.45 ቮልት ይጠፋል። ከ5 ቮልት የተነሣው 4.55 ሆኖ ይደርሳል። በሙቀት የሚሠራው ማተሚያ ከዚያው ምንጭ የሚጋራ ከሆነ ደግሞ፣ ጥቁር የበዛበትን መስመር በሚያትምበት ቅጽበት እስከ ሁለት አምፔር ሊስብ ስለሚችል ቦርዱ ደረሰኙ መሐል ላይ ጠፍቶ ይነሣል። ደንበኛው የሚነግራችሁ "ረጅም ስም ያለው ገበሬ ሲመጣ ይጠፋል" ብሎ ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ስሕተት ስትፈልጉ ሳምንት ያልፋል። ማተሚያው የራሱ የኃይል መስመር ይኑረው፤ ገመዱም አጭርና ወፍራም ይሁን።

ጣቢያው በሶላር የሚሠራ ከሆነ በኢኤስፒ32 እና በፓይ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ፓይ 4 ከሞደሙ ጋር በአማካይ 5 ዋት ይበላል ብንል በቀን 120 ዋት ሰዓት ነው። ፀሐይ ለሁለት ቀን ባይኖር 240 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ሰዓት፤ ተራው የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ሲሟጠጥ ዕድሜው ስለሚያጥር 40 አምፔር ሰዓት መግዛት ይኖርብናል። በደንብ የተጻፈ የኢኤስፒ32 ፕሮግራም ሞደሙን በሥራ ጊዜ ብቻ እያበራ በአማካይ ግማሽ ዋት ላይ መቆየት ይችላል፤ በዚያው ስሌት 4 አምፔር ሰዓት ይበቃል። የስክሪንና የማተሚያው ፍጆታ በሁለቱም ላይ የሚጨመር ነው። ባትሪው ሲያንስ ሶላሩ፣ ሣጥኑ፣ የጭነት ዋጋው ሁሉ ያንሳል።

ስለ ሙቀት ደግሞ ከፍታን የሚያስብ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ብዙዎቹ የደጋና የወይና ደጋ ቡና አካባቢዎችም ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሱበታል። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚገፋው አየር በክብደት ያንሳል፤ ያው ሣጥን ከቆላው ይልቅ ለውስጡ ሙቀት ያስቸግራል። አካባቢው ቀዝቃዛ መሆኑ ብዙውን ጊዜ ያካክሰዋል። ሆኖም በውጭ አገር ሰነድ ላይ የተጻፈ የማቀዝቀዣ ቁጥር ለባሕር ወለል ሊሆን ስለሚችል መጠባበቂያ ያዙበት። ማራገቢያ ባይኖር እመርጣለሁ፤ አቧራና የቡና ገለባ ይዘጋዋል፤ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ቀድሞ ይሞታል። ቦርዱን በሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ ከአሉሚኒየም ሣጥን ጋር ማጣበቅ ይበቃል፤ ለዚህም ከ5 ዋት በታች የሚበላ ቦርድ መምረጥ ግድ ነው።

ወረቀቱ

የመገናኛ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ጉዳይ አለ። ሞደሙም ሆነ ዋይፋዩ አስቀድሞ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ ሞጁል ከሆነ የምታቀርቡት ሰነድ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ባዶ ቺፕ ገዝቶ አንቴና መንደፍ ግን ለሁለት መቶ መሣሪያ አያዋጣም። ሞደሙ በገጠር 4ጂ ሲጠፋ ወደ 2ጂ ወይም 3ጂ የሚወርድ ይሁን። ሚዛኑን በተመለከተ፣ የክብደት መለኪያውን ራሳችሁ ከመሥራት ለንግድ ተመርምሮ የተፈቀደ፣ የተከታታይ መረጃ መውጫ ያለው ሚዛን ገዝታችሁ ቁጥሩን ብቻ አንብቡ። መውጫው በአብዛኛው አርኤስ232 ስለሆነ ቮልቴጁን ወደ 3.3 የሚያወርድ ትንሽ ቺፕ መሐል ላይ አስገቡ፤ በቀጥታ ከተገናኘ ቦርዱ ይቃጠላል። ምርቱ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ከሆነ የኅብረቱ የሳይበር ደኅንነት ሕግ ዋና ግዴታዎች ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ይጸናሉ፤ ለዓመታት ማሻሻያ የማይገኝለት ቦርድ እዚያ ገበያ ውስጥ አያዛልቅም።

እንግዲህ ለዚህ መሣሪያ የትኛው?

ስክሪኑ ሁለት መስመር የሚያሳይ፣ ቁልፎቹም ቁጥር ብቻ ከሆኑ እኔ ኢኤስፒ32ን 16 ሜጋባይት ፍላሽ ካለው ሞጁል ጋር እወስዳለሁ፤ በሲ የሚጽፍ ሰው ካገኘሁ። ደንበኛው ባለ ሰባት ኢንች ስክሪን፣ ፎቶና በጣቢያው ላይ የሚታይ ሪፖርት ከፈለገ ኮምፒዩት ሞጁል 4፣ 2 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት የተበየደ ማከማቻ፤ ተሸካሚ ሰሌዳው ላይ ሰዓትና ለማተሚያው የተለየ የኃይል መስመር ይኑር። ፓይ 4ን ከሜሞሪ ካርድ ጋር የምጠቀመው ለመጀመሪያው ወቅት ሙከራ ነው፤ ያኔ የተጻፈው ሶፍትዌር ሳይቀየር ወደ ሞጁሏ ይሻገራል። ቢግልቦን የሚገባው ከመፈልፈያው ሞተር ጋር መነጋገር ሲጨመር ነው።

ከትዕዛዙ ጋር አሥር በመቶ መለዋወጫ ይገዛ፤ ሲቀር በሚቀጥለው ዓመት ይሸጣል። ከትዕዛዙ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና አለ። መሣሪያውን ኃይሉን በሚቆርጥና በሚቀጥል ሪሌ ላይ ስቀሉት፤ የመቁረጫው ጊዜ ከ20 ሰከንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ውስጥ በዘፈቀደ ይለዋወጥ። መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ያለማቋረጥ የሙከራ ደረሰኝ ይቁረጥ። አንድ ሳምንት ከተዉት በሺዎች የሚቆጠር የመብራት መቋረጥ ያሳልፋል። ከዚያ የወጣውን የወረቀት ጥቅል ከመዝገቡ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ፤ በወረቀት ላይ ኖሮ በመዝገብ የሌለ አንድ ደረሰኝ ቢገኝ እንኳ ግዢው ይቆይ።